ኳስ የማያገኛቸው መቺዎች

ሃሮልድ ቤይንስ ከ1980 እስከ 2001 ድረስ ለሃያ ሁለት የውድድር ዘመን በአሜሪካ ታላላቅ ሊጎች ቤዝቦል ተጫውቷል (በዚህ ጽሑፍ ያለው ቀንና ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። 11,092 ጊዜ ተራው ደርሶት ዱላውን ይዞ ቆሟል። ከወርዋሪው እጅ የወጣ ኳስ ሰውነቱን ያገኘው ግን 14 ጊዜ ብቻ ነው። ክሬግ ቢጂዮ በበኩሉ ከ1988 እስከ 2007 ለሂዩስተን አስትሮስ ሲጫወት 12,504 ጊዜ ቆሞ 285 ጊዜ ተመትቷል። አንዱን በየ790 ተራው ገደማ አንዴ፣ ሌላውን በየ44 ተራው አንዴ ማለት ነው። ሁለቱም የተጫወቱት በአንድ ዘመን ነው። ሁለቱም ዛሬ ኩፐርስታውን በሚገኘው የዝና አዳራሽ ስማቸው ተሰቅሏል።

እንዲህ ያለ ልዩነት በዕድል ብቻ አይመጣም። ዕድል በአንድ ዓመት ሊያደላ ይችላል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ሰው ላይ ሲያደላ ግን ስሙ ሌላ መሆን አለበት። ወርዋሪዎች ለቤይንስ ይራሩለት ነበር የሚል ካለ ደግሞ የቤዝቦል ወርዋሪዎችን ጠባይ አያውቅም።

ለጨዋታው ባይተዋር ለሆነ አንባቢ ነገሩ ይህ ነው። ወርዋሪው ከአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ 18.44 ሜትር ርቆ ወደሚገኘው ሆም ፕሌት ይወረውራል። ሆም ፕሌት ከመሬት እኩል የተቀበረ፣ ወርዱ 43 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነጭ የጎማ ሰሌዳ ነው። መቺው ከጎኑ በኖራ በተሰመረ ሳጥን ውስጥ ይቆማል፤ የሳጥኑ የውስጥ መስመር ከፕሌቱ የሚርቀው 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ኳሱ 145 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ጠንካራ ነው፤ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ሲወረወር ፕሌቱ ላይ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ ግማሽ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። የዚያ ጊዜ ግማሽ ያህሉ ኳሱን አይቶ ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ያልቃል። የቀረው ለመምታት፣ ለመተው ወይም ለመሸሽ ነው። ኳሱ ሰውየውን ካገኘው መቺው ዱላውን ጥሎ በነጻ ወደ አንደኛ ቤዝ (ነጥብ ለማስቆጠር ዞረው ከሚረግጧቸው ማረፊያዎች ወደ መጀመሪያው) ይሄዳል። ኳሱ ሊመታ በሚገባው ክልል ውስጥ ሲያልፍ ከነካው ግን አይሄድም። ለመሸሽ ሳይሞክር ከቀረም፣ ደንቡ እንደሚለው፣ አይሄድም።

ይህ ነጻ ጉዞ ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ የሙያ ሊጎች ዘመን የተመታ ሰው ቁስሉን ይዞ እዚያው ቆሞ ይቀጥል ነበር። አሜሪካን አሶሲዬሽን የተባለው ሊግ በ1884፣ ናሽናል ሊግ ደግሞ በ1887 የተመታ ሰው አንደኛ ቤዝ እንዲያገኝ ደነገጉ። ጊዜው የዘፈቀደ አልነበረም። ናሽናል ሊግ ወርዋሪዎች ክንዳቸውን ከትከሻ በላይ አንሥተው እንዲወረውሩ የፈቀደው በዚያው በ1884 ነው፤ ኳሱ ፈጠነ፤ አደጋውም አደገ። ደንቡ የወጣው መቺውን ለመካስና ወርዋሪውን ለመቅጣት ነበር። ያወጡት ሰዎች ካሳው ራሱ የሚፈለግ ነገር ይሆናል ብለው ያሰቡ አይመስልም።

ያሰበበት የባልቲሞር ኦሪዮልስ ቡድን ነው። በኔድ ሃንለን አሠልጣኝነት በ1894፣ በ1895 እና በ1896 በተከታታይ ሻምፒዮን የሆነው ይህ ቡድን የደንቡን መጽሐፍ አንድ በአንድ አንብቦ በቀዳዳው ሁሉ የሚሾልክ ነበር። ጆን መግሮው፣ ዊሊ ኪለር፣ ዊልበርት ሮቢንሰን ከእነዚያው ናቸው። ከሁሉም በላይ በዚህ ጉዳይ የሚነሳው ግን ሂዩ ጄኒንግስ ነው። ቀይ ጠጉር፣ ፊቱ በጠቃጠቆ የተሞላ፣ ከፔንሲልቬንያ የድንጋይ ከሰል መንደር የመጣ ሰው። በ1896 አማካይ የመምታት ውጤቱ .401 ነበር (ከዐሥር ሙከራ አራቱ ያህል ተሳክቶለታል ማለት ነው)፤ ያም አልበቃው ብሎ በዚያ አንድ ዓመት 51 ጊዜ ተመትቷል። እስከ ዛሬ ማንም አልደረሰበትም። በዘመኑ ሙሉ የተመታው 287 ጊዜ ነው፤ ቢጂዮ በሁለት ብቻ አነሰው። ልዩነቱ ጄኒንግስ ለዚያ የቆመው ስድስት ሺህ ባልሞላ ተራ መሆኑ ነው። ኋላ የሕግ ትምህርት ተምሮ ጠበቃ ሆኗል፤ ይህን ስሰማ አልተገረምኩም።

ጄኒንግስ ለእኛ የሚጠቅመን በተገላቢጦሽ ነው። ሰው ፈልጎ ሊመታ ከቻለ ፈልጎ ላይመታም ይችላል ማለት ነው። ከፕሌቱ ጋር ተጣብቆ መቆም፣ ወደ ውስጥ የሚመጣውን ኳስ በትከሻ መቀበል፣ የሚሸሹ መስሎ ገላን በኳሱ መንገድ ላይ ማስቀረት፤ እነዚህ ሁሉ ምርጫዎች ነበሩ። የቤይንስ 14 ቁጥርም ከዚሁ የምርጫ መዝገብ ሌላኛው ገጽ ላይ የሚነበብ ነው።

ነገር ግን ምርጫ የሚኖረው ኳሱን ላየ ሰው ነው። ነሐሴ 16 ቀን 1920 ኒው ዮርክ ውስጥ ፖሎ ግራውንድስ በተባለው ሜዳ የክሊቭላንዱ ሬይ ቻፕማን ለያንኪስ የሚወረውረውን ካርል ሜይስን ገጠመ። ሜይስ ክንዱን ወደ መሬት አውርዶ ከታች ወደ ላይ የሚወረውር ሰው ነበር፤ ኳሱ ከማይጠበቅ ቦታ ይወጣል። ቻፕማን ጎንበስ ብሎ ወደ ፕሌቱ አዘንብሎ የሚቆም መቺ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ኳስ እስኪጠቁር ድረስ ሜዳ ውስጥ ይቆያል፤ ተጫዋቾቹ አፈርም፣ የትምባሆ ምራቅም ይቀቡታል። ኳሱ ቻፕማንን ጭንቅላቱ ላይ አገኘው። ያዩት ሰዎች እንደመሰከሩት አልሸሸም፤ ያላየው ይመስል ነበር። ድምፁ ከመጉላቱ የተነሳ ሜይስ ዱላውን የመታ መስሎት ወደ እሱ የተመለሰውን ኳስ አንሥቶ ወደ አንደኛ ቤዝ ወረወረ። ቻፕማን በማግሥቱ ንጋት ላይ ሞተ። በታላላቅ ሊጎች ታሪክ በተወረወረ ኳስ ተመትቶ የሞተ ብቸኛው ተጫዋች ነው። ክሊቭላንድ በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ሜይስ በሕይወቱ 207 ጨዋታ አሸንፎ የዝና አዳራሽን ደጅ ሳይረግጥ ቀረ።

ከቻፕማን ሞት በኋላ የቆሸሸ ኳስ ቶሎ ቶሎ በንጹሕ እንዲለወጥ ተደረገ። በምራቅ የረጠበ ኳስ መወርወርም አስቀድሞ ልማዱ ለነበራቸው ጥቂት ወርዋሪዎች ካልሆነ በቀር ተከለከለ። የተመቱ ሰዎች ብዛት በቀጣዮቹ ሁለት ዐሥርት ዓመታት በግልጽ ቀነሰ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ንጹሕ ነጭ ኳስ ከሩቅ ይታያል፣ የታየ ኳስም ይሸሻል። በሌላ በኩል በዚያው በ1920 ቤብ ሩት 54 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አጥር በላይ የሚያሻግር ምት) መታ፤ መቺዎችም ከዚያ ወዲያ ወደ ፕሌቱ አዘንብለው ኳስ ከመለጠፍ ይልቅ ቀጥ ብለው ዱላውን በሙሉ ክንድ መወንጨፍን መረጡ። ለመወንጨፍ ክንድ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ የሚፈልግ ሰው ከፕሌቱ ይርቃል። ሩት ራሱ በሕይወቱ የተመታው 43 ጊዜ ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው ቴድ ዊልያምስ 39። እነዚህ ሰዎች ወርዋሪዎች የሚወዷቸው አልነበሩም።

ማየትን በተመለከተ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በ1967 ነሐሴ 18 ቀን ቦስተን ውስጥ ቶኒ ኮኒግሊያሮ የተባለ የ22 ዓመት ወጣት ጃክ ሃሚልተን በወረወረው ኳስ የጉንጩ አጥንት ላይ ተመታ። ወደ ፕሌቱ በጣም ተጠግቶ በመቆም የሚታወቅ ነበር። የግራ ዓይኑ ተጎዳ፤ የ1968ን ዘመን ሙሉ አልተጫወተም። በኋላ ተመልሶ ለሁለት ዓመት ጥሩ ቢመታም ዓይኑ እንደ ቀድሞው አልሆነም። የቦስተን ሜዳ አስተዳዳሪዎች በመሐል ሜዳ በኩል ያለውን የተመልካች መቀመጫ በከፊል ዘግተው ሸፈኑት፤ ከነጭ ሸሚዝ መሐል የሚወጣ ነጭ ኳስ ለዓይን ይጠፋልና።

ጥበቃው ቀስ እያለ መጣ፤ ለምን ይህን ያህል ቀስ እንዳለ ማሰብ ያስገርማል። በ1937 የዲትሮይቱ ሚኪ ኮክሬን የራስ ቅሉ ተሰብሮ መጫወት አቆመ። ብሩክሊን በ1941 በቆብ ውስጥ የሚገባ መከላከያ ሞከረች፤ ፒትስበርግ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተጫዋቾቿን ሁሉ የራስ ቁር አስለበሰች። ታላላቅ ሊጎች ሙሉ የራስ ቁርን ለአዲስ ተጫዋቾች ግዴታ ያደረጉት በ1971፣ የጆሮ መሸፈኛ ያለውን ደግሞ በ1983 ነው። ነባሮቹ እንዳሻቸው እንዲሆኑ ተተዉ። የወንድነት ኩራት ከአጥንት ይበልጥ ነበር።

አሁን ወደ ከበደው ክፍል እንምጣ። ብዙ ሰው ያልተመታ መቺ ማለት ወርዋሪው ሊመታው ያልፈለገው ሰው ነው ብሎ ያምናል። በከፊል እውነት አለው። ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 ጥቁር ተጫዋቾችን ከታላላቅ ሊጎች ያገደውን የቀለም ግድግዳ ሲያፈርስ በዚያ የመጀመሪያ ዓመቱ 9 ጊዜ ተመታ። ከኩባ የመጣው ሚኒ ሚኞሶ በ1951 የቺካጎ ኋይት ሶክስ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆኖ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ በተመታ ብዛት አሜሪካን ሊግን ዐሥር ጊዜ መራ፤ በ1955 የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ። ፍራንክ ሮቢንሰን በ1956 በጀማሪነቱ ዘመን 38 ሆም ራን መትቶ 20 ጊዜ ተመታ፤ በሕይወቱ ደግሞ 198 ጊዜ። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ የዘር ጥላቻ፣ ስንቱ ከፕሌቱ ጋር ተጣብቆ የመቆም ዋጋ እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ ሚኞሶም ፍራንክ ሮቢንሰንም ተጠግተው የሚቆሙ ነበሩና ሁለቱ ምክንያቶች በአንድ ገላ ላይ ተገናኙ።

እንግዲህ ሃንክ አሮን የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። በ1954 ጀመረ። ጥቁር ነው፤ ከአላባማ ነው። በ1973 እና በ1974 የቤብ ሩትን የሆም ራን ክብረ ወሰን ሲያሳድድ የግድያ ማስፈራሪያ ደብዳቤ በየቀኑ ይደርሰው ነበር። የዘመኑ እጅግ አስፈሪ ወርዋሪ ዶን ድራይስዴል በሕይወቱ 154 ሰው የመታ ነው፤ አሮን በዚህ ሰው ላይ 17 ሆም ራን አስቆጥሯል፤ ከማንም ወርዋሪ ላይ ይህን ያህል አልመታም። ቂም የሚይዝ ሁሉ ምክንያት ነበረው። 13,941 ጊዜ ቆሞ የተመታው ግን 32 ጊዜ ብቻ ነው። ቀኝ እጅ መቺ ስለሆነ፣ ጥቂት ወረድ ብዬ የማነሳው ማብራሪያም አይረዳውም።

አሮን ከኳሱ ጋር የነበረው ግንኙነት የተለየ ነበር ብዬ አስባለሁ። የዘመኑ ሰዎች ሁሉ የሚያወሩት ስለ እጅ አንጓው ነው። ሌላው መቺ ዱላውን ማንቀሳቀስ ሲጀምር እሱ ገና ይጠብቃል፤ ኳሱ ወደ አጠገቡ ከደረሰ በኋላ በአንጓው ብቻ ይቀጥፈዋል። ለመምታት ዘግይቶ መወሰን የሚችል ሰው ለመሸሽም ዘግይቶ ይወስናል፤ ገላው ገና ወደ ፊት አልተወነጨፈምና ወደ ኋላ ለመመለስ የሚከፍለው ዕዳ የለም። ይህ ግምቴ ነው። ግን ከዕድልም ከርኅራኄም የተሻለ ግምት ይመስለኛል።

ለቀሩት ለብዙዎቹ መልሱ ቀላል ነው፤ ግራ እጅ መቺዎች ናቸው። ቤይንስ ግራ ነው። በ10,232 ተራ 24 ጊዜ የተመታው የሳን ዲዬጎው ቶኒ ግዊን ግራ ነው። በ10,740 ተራ 23 ጊዜ የተመታው ዌይድ ቦግስ ግራ ነው። ሮድ ካሩ ግራ ነው፤ 25። ሩትና ዊልያምስም እንዲሁ። አብዛኞቹ ወርዋሪዎች ቀኝ እጅ ናቸው። ቀኝ እጅ ወርዋሪ እጁ ሲዘገይ ኳሱ የሚያመልጠው ወደ ራሱ ክንድ በኩል ነው፤ ያ ደግሞ ቀኝ እጅ መቺ የቆመበት ጎን ነው። አብዝተው የሚወረውሩት ዝቅ ብሎ የሚታጠፍ ፈጣን ኳስም ወደዚያው ያጋድላል። ግራ እጅ መቺ በተቃራኒው ጎን ቆሞ ስሕተቱ ከእሱ ሲርቅ ያያል፤ ኳሱም ከወርዋሪው እጅ ሲወጣ በግልጽ ይታየዋል። ግራ እጅ መቺ የሚቸገረው ግራ እጅ ወርዋሪ ሲመጣ ነው፤ እሱም በቁጥር ጥቂት ነው።

ትዕግሥት ነው የሚሉም አሉ፤ ኳስን መርጦ የሚመታ ሰው አይመታም ይላሉ። ግዊንና ቦግስን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ይህን አይልም። ግዊን ወደ ፕሌቱ ወጥቶ ቶሎ መትቶ የሚሄድ ሰው ነበር፤ በሃያ ዓመት ውስጥ በሦስት ስትራይክ (ኳሱን ስቶ ወይም ሊመታ የሚገባውን ትቶ) የወጣው 434 ጊዜ ብቻ ነው። ቦግስ ደግሞ አንድም ኳስ ሳይነካ ሲጠብቅ ወርዋሪውን የሚያደክም ነበር፤ 1,412 ጊዜ በአራት ቦል (ሊመታ ከሚገባው ክልል ውጭ በተወረወሩ ኳሶች) በነጻ ሄዷል። አንዱ ጥቂት፣ ሌላው እጅግ ብዙ ኳስ አዩ። የተመቱት 24 እና 23 ጊዜ ነው። የሚጋሩት የቆሙበትን ጎንና ወደ ተቃራኒው ሜዳ የመምታት ልማድን ነው። ኳሱ እስኪጠልቅ የሚጠብቅ፣ ትከሻውን ቶሎ የማይከፍት መቺ ከአሮን ጋር የሚመሳሰልበት መንገድ ያለው ይመስለኛል።

ግራነት ግን ብቻውን አያድንም። የፊላደልፊያው ቼዝ አትሊ ግራ እጅ ነው፤ 204 ጊዜ ተመትቷል። አንተኒ ሪዞም ግራ እጅ ነው፤ ከ200 በላይ ተመትቷል፤ ምክንያቱን ለማወቅ አንድ ፎቶግራፍ ይበቃል፤ እግሩ የሳጥኑን የውስጥ መስመር የረገጠ፣ ክርኑ ፕሌቱ ላይ የተንጠለጠለ። የቆመበት ቦታ ግራነቱን አሸነፈ።

ሽሽት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ለልጆች መጀመሪያ የሚያስተምሩት ፊትን ከኳሱ አዙሮ፣ አገጭን አቅርቦ፣ ጀርባን መስጠት ነው፤ ያ ሰውን ያድናል፤ ከመመታት ግን አያድንም። ጨርሶ እንዳይመታ የሚፈልግ ዳሌውን ወደ ኋላ ስቦ እግሩን መልቀቅ፣ አንዳንዴም አቧራ ላይ መዘርጋት አለበት። ይህንን የሚያደርግ ሰው የሚቀጥለውን ኳስ ለመምታት ልቡን እንደገና ማሰባሰብ ይኖርበታል፤ ብዙ ጥሩ መቺዎች በዚህ ምክንያት አይወዱትም። ከኋላ የሚመጣ ኳስ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ ሰው በደመ ነፍስ ወደ ኋላ ሲሸሽ ራሱን ወደ ኳሱ ያስገባል።

ሽሽትን የሚያዘው ደንብ በታሪክ አንድ ጊዜ ደምቆ በርቷል። ግንቦት 31 ቀን 1968 ድራይስዴል ለሎስ አንጀለስ ነጥብ ሳያስቆጥሩበት ተከታታይ ጨዋታ በማድረግ ላይ ሳለ በዘጠነኛው ኢኒንግ (ዙር) ቤዞቹ ሁሉ ተሞሉበት። የሳን ፍራንሲስኮው ዲክ ዲትዝ ክንዱ ላይ ተመታ፤ ነጥብ ሊገባ ነው። ዳኛው ሃሪ ዌንደልስቴት ግን ለመሸሽ አልሞከርክም ብሎ መለሰው። ዲትዝ ቀጥሎ ኳሷን አየር ላይ ሰቅሎ ወጣ፤ የድራይስዴል ጉዞም እስከ 58 ከሁለት ሦስተኛ ኢኒንግ ድረስ ዘለቀ። ያ ውሳኔ ለሃምሳ ዓመት የተወራለት ዳኞች እንደዚያ የሚወስኑት እጅግ አልፎ አልፎ ስለሆነ ነው። ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ የሞንትሪያሉ ሮን ኸንት በ1971 50 ጊዜ ተመታ። ዱላውን ከፍ አድርጎ አሳጥሮ ይዞ፣ ፕሌቱ ላይ ዘንበል ብሎ ይቆም ነበር። አማካይ የመምታት ውጤቱ .279 ሲሆን ቤዝ የመድረስ ውጤቱ .402 ሆነ፤ በመካከላቸው ካለው ክፍተት ጉልህ ክፍሉን የሞላው ሥጋው ነው። ከ1968 እስከ 1974 ሰባት ዓመት በተከታታይ ሊጉን በመመታት መርቷል። ደንቡ እንደ ዲትዝ ዕለት ቢሠራ ኖሮ ኸንት ስም አይኖረውም ነበር።

ወርዋሪዎቹስ? በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል፤ በቤዝቦል ግን ይቆጣል፤ ቂሙም ለሌላ ቀን ይቀመጣል። የተመታ ጓደኛ ያለው ወርዋሪ ከወዲያኛው ቡድን አንዱን መምታት እንደ ግዴታ ያየዋል። በ2011 የወጣ የሥነ ልቦና ጥናት ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይህ ብድር የመመለስ ዕድል እንደሚጨምር አሳይቷል። በ1973 አሜሪካን ሊግ ወርዋሪው ራሱ እንዳይመታ፣ በምትኩ የተሰየመ መቺ እንዲቆም ሲፈቅድ ደግሞ ኢኮኖሚስቶች አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ራሱ ዱላ ይዞ የማይቆም ወርዋሪ ሌላውን ሲመታ የሚከፍለው ነገር የለም። በ1997 የታተመ ጥናት በዚያ ሊግ የተመቱት ከሌላው ሊግ ከመቶ ዐሥር እጅ ገደማና ከዚያም በላይ እንደሚበዙ ጽፏል። በ1990ዎቹ ልዩነቱ ስለጠበበ ክርክሩ አልተዘጋም። ቤይንስ ግን አብዛኛውን ዘመኑን በዚያው ሊግ፣ የተሰየመ መቺ ሆኖ ነው ያሳለፈው፤ ከወርዋሪዎች ቸርነት ያገኘው ጥቅም የለም።

የወርዋሪውን ፍርሃት መጠቀምም ሌላ ታሪክ ነው። ዋልተር ጆንሰን በዘመኑ ከሁሉ የፈጠነ ኳስ የነበረው ሰው ነው፤ ሰው እገድላለሁ ብሎ ይፈራ ነበር። ታይ ኮብ ይህን ስላወቀ ከጆንሰን ፊት ሲቆም ሆን ብሎ ወደ ፕሌቱ ይጠጋ ነበር፤ ጆንሰን ኳሱን ወደ ውጭ ያርቅለታል። ያም ሆኖ የዋሁ ጆንሰን በሕይወቱ ከ200 በላይ ሰው መትቷል። የወርዋሪ ደግነት ለመቺ ይህን ያህል ዋስትና ነው።

በቅርብ ዓመታት የተመቱት ቁጥር ከፍ ብሏል። በ2019 በታላላቅ ሊጎች 1,984 ሰው ተመታ፤ በ2021 ከ2,100 አለፈ። ኳሱ ከምንጊዜውም ይበልጥ ይፈጥናል፤ ወጣት ወርዋሪ ቁጥጥርን ሳይማር ፍጥነትን ተምሮ ይመጣል፤ መቺውም ክርኑን በጠንካራ መከላከያ ሸፍኖ ይቆማል። በ2002 የመከላከያው መጠን በደንብ ተወሰነ፤ ፍርሃቱ ግን አንዴ ከሄደ በኋላ አልተመለሰም። ሰኔ 20 ቀን 2015 ዋሽንግተን ውስጥ ማክስ ሸርዘር ሃያ ስድስት የፒትስበርግ መቺዎችን አንድም ቤዝ ሳያስረግጥ አወጣ። ሃያ ሰባተኛው ሆዜ ታባታ ነበር። ሁለት ስትራይክ ተቆጥሮበታል፤ አንድ ብቻ ቀርቷል። ወደ ውስጥ የታጠፈው ኳስ የታባታን የክርን መከላከያ ነካ፤ ብዙዎች ክርኑን ዝቅ አድርጎ ሰጠው ብለዋል። ዳኛው ወደ አንደኛ ቤዝ ላከው። ሸርዘር ቀጣዩን አውጥቶ ያለ ምት የተጠናቀቀ ጨዋታ አገኘ፤ ፍጹሙን ጨዋታ ግን አጣ። ቤይንስ ቢሆን ክርኑን ያነሳ ነበር ብዬ ለመወራረድ አላመነታም።

ታዲያ ክርን ማንሳት ምን ያስከፍላል? ቤይንስ በቢጂዮ መጠን ቢመታ ኖሮ 14 የነበረው ወደ 253 ይደርስ ነበር፤ 239 ጊዜ በነጻ ቤዝ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነጻ ጉዞ በአማካይ የአንድ ነጥብ ሲሶ ያህል ይገመታል። ቤይንስ በዚያ ተራ ሌላ ሊሠራ ይችል የነበረውን ቀንሰን ብንቆጥር እንኳ ለቡድኖቹ ከ70 እስከ 80 ነጥብ፣ በጨዋታ ሲመነዘር ሰባት ስምንት ድል ይሆናል። እሱ ራሱ በ2,866 ምት ጫማውን ሰቀለ፤ 3,000ን ለመሙላት 134 ጎደለው። ተጨማሪ መመታት ይህን አይሞላለትም፤ እንዲያውም የመምታት ዕድሉን ስለሚወስድበት ያርቀዋል። በታኅሣሥ 2018 አንድ ኮሚቴ በ16 ድምፅ ሰጪዎች 12 ድጋፍ ለዝና አዳራሽ ሲመርጠው ነቃፊዎቹ ያነሱበት ያቺን 2,866ና ለቡድኖቹ አስገኘ የተባለው ድል ማነስን ነው። ከቢጂዮ ጋር ያለውን የ239 ልዩነት በዚያ ሒሳብ ውስጥ ያስገባ ሰው አላየሁም። ጉልበቱ ገና በ1980ዎቹ አጋማሽ በቀዶ ሕክምና የታከመ፣ ከዚያ ወዲያ ሜዳ ላይ መሮጥ ያቃተው ሰው ሌላውን አጥንቱንም ለነጻ ቤዝ ማቅረብ ነበረበት የሚል ካለ ግን ቤይንስ መልሱን በ11,078 ተራ ሰጥቷል።